አንድ «ስፕሪንግ»፣ ስንት ትርጉም? ምንጭ፣ ፀደይ፣ ሞላ፣ መስፈንጠር

የዘጌ አስጎብኚ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከባሕር ዳር እየተነሣሁ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌና በጣና ደሴቶች ላይ ወዳሉት ገዳማት በማስጎብኘት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። እንግሊዝኛዬ ለሥራዬ ይበቃኛል ብዬ አምን ነበር፤ ባለፈው ኅዳር ግን «ስፕሪንግ» የምትባል አንዲት ቃል በአንድ ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ግራ አጋባችኝ።

እንግዳዬ ከስኮትላንድ የመጡ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። ጠዋት ከወደቡ ልንነሣ ስንል የሞተሩ ማስነሻ ገመድ ከተሳበ በኋላ ተመልሶ አልገባ አለ፤ እሳቸውም ጎንበስ ብለው ሞተሩን ካዩ በኋላ «ዘ ስፕሪንግ ኢዝ ጎን» አሉኝ። እኔ ስለ ወቅት የሚናገሩ መስሎኝ፣ አደይ አበባው ከረገፈ መቆየቱንና በመስከረም መጥተው ቢሆን ኖሮ ሜዳውን ቢጫ ለብሶ ያገኙት እንደነበር በትሕትና አስረዳኋቸው። ሴትዮዋ ጨዋ ስለነበሩ አልሳቁብኝም፤ ሞተረኛው ግን ነገሩ ከገባው ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ «አደይ አበባ» እያለ ይጠራኛል።

ሐይቁ መሐል ስንደርስ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ጀልባዋን ሲያላጋት፣ «ስፕሪንግ ኤ ሊክ» የሚል ሐረግ ያለበት ቀልድ ቀለዱ፤ ምንጭን ከጀልባ ጋር ምን እንዳገናኘው ስላልገባኝ ፈገግ ብዬ አለፍሁት። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይተን ስንመለስ ደግሞ ግሽ ዓባይ «ስፕሪንግ» ነው ወይስ «ሶርስ» ብለው ጠየቁኝ። እኛ ለሁለቱም የምንጠቀምበት ቃል «ምንጭ» ስለሆነ «ሁለቱንም ነው» ብዬ ተገላገልሁ። ማታ ራት ላይ በኢትዮጵያ «ስፕሪንግ» መቼ እንደሆነ ሲጠይቁ እኔ መስከረም ነው ስል፣ አብሮኝ የነበረው አስጎብኚ ከመጋቢት 26 ጀምሮ ነው ብሎ በእንግዳ ፊት ተቃወመኝ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህ ቃል በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው የተለያዩ ቃላት ክምችት ነው ወይስ በእርግጥ አንድ ቃል ነው? ወቅቱንስ በተመለከተ ከሁለታችን የተሳሳተው ማን ነው?


የግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ መምህርት፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንዳያፍሩ እለምንዎታለሁ፤ ይህን ቃል ለብዙ ዓመታት በክፍል ውስጥ ሳስተምር ያልተደናቀፈበት ተማሪ አላጋጠመኝም። ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ አጭር ነው፤ አንድ ቃል ነው። ሁሉም ትርጉሞቹ የሚወለዱት «ስፕሪንጋን» ከሚለው የጥንታዊ እንግሊዝኛ ግስ ሲሆን፣ ፍቺውም ዘሎ መውጣት፣ ፈንድቶ መውጣት፣ መፍለቅ ማለት ነው። ውኃ ከመሬት ሲፈልቅ፣ ቡቃያ ከግንድ ሲወጣ፣ የተጨመቀ ብረት ሲለቀቅ፣ ነብር ከተደበቀበት ሲወረወር የእንግሊዝኛ ተናጋሪ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ይታየዋል፤ ይኸውም ታምቆ የቆየ ነገር በድንገት መውጣቱ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። እኛ «አበባው ፈነዳ» እንላለን፣ «በሳቅ ፈነዳ» እንላለን፣ ቦምብም ይፈነዳል፤ ይህን የሚሰማ የውጭ አገር ሰው አበባንና ቦምብን ምን አገናኛቸው ብሎ ቢገረም አንፈርድበትም። ልዩነቱ አማርኛ ለውኃው «መነጨ» እና «ፈለቀ»፣ ለዝላዩ «ተስፈነጠረ»፣ ለቡቃያው «ፈነዳ» እያለ ሥራውን ለብዙ ግሶች ሲያከፋፍል፣ እንግሊዝኛ ግን ሁሉንም በአንዱ ላይ መጫኑ ነው።

ከትርጉሞቹ ሁሉ እኔን የሚያስደስተኝ የወቅቱ ስም ነው፤ ምክንያቱም ከሌሎቹ በጣም ዘግይቶ የመጣ ነው። በጥንት ዘመን እንግሊዛውያን ያንን ወቅት የሚጠሩት ዛሬ «ሌንት» በሆነው ቃላቸው ነበር። ሌንት ዛሬ ዐቢይ ጾምን ብቻ የሚያመለክት ቢሆንም፣ ሥሩ «ሎንግ» ከሚለው፣ ረጅም ማለት ከሆነው ቃል ጋር የተዛመደ ሲሆን የቀኑን መርዘም የሚናገር ነው። እኛ ጣና ዳር ላይ ለምንኖር ሰዎች የቀን መርዘም ስም የሚያሰጥ ጉዳይ አይመስለንም፤ በለንደን ግን በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን ከ8 ሰዓት ያነሰ ሲሆን በሰኔ ከ16 ሰዓት ስለሚበልጥ፣ ብርሃኑ መርዘም የጀመረበትን ጊዜ ማንም ሳያየው አያልፍም። ቆይቶ ሌንት የሚለው ስም በጾሙ ላይ ብቻ ሲወሰን ወቅቱ ስም አጣ፤ ሰዎችም «የቅጠል መፍለቂያ ጊዜ» ማለት ጀመሩ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ሐረጉ አጥሮ «ስፕሪንግ» ብቻ ቀረ። አሜሪካውያን የመከሩን ወቅት «ፎል» የሚሉትም በዚሁ መንገድ ነው፤ እሱም «የቅጠል መውደቂያ» ከሚለው ያጠረ ነው። ስለዚህ ስፕሪንግ ቅጠሉ የሚፈነዳበት፣ ፎል ደግሞ ቅጠሉ የሚረግፍበት ጊዜ ነው።

ወደ ጀልባዎ ልመለስ። «ስፕሪንግ ኤ ሊክ» ማለት ጀልባው ወይም ቧንቧው በድንገት ተነድሎ ውኃ ማስገባት ወይም ማፍሰስ ጀመረ ማለት ነው፤ እዚህም ያለው ሥዕል ውኃው ፈንጠር ብሎ መውጣቱ ነው። ልብ ይበሉ፣ ይህ አነጋገር ለደንገል ታንኳ አይሆንም። ታንኳ ከጥንቱም ውኃ የማያስገባ ሆኖ አልተሠራም፤ ውኃው በደንገሉ መካከል እየገባ እየወጣ ታንኳው የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው፤ ሲያረጅም ውኃ እየጠጣ ይከብዳል እንጂ አይነደልም። እንግዳዎ ስለ ታንኳ ቢጠይቁዎት ይህን ይንገሯቸው፤ የቃሉንም ወሰን በደንብ ያሳያል።

በግስነቱ ደግሞ አረባቡ ስፕሪንግ፣ ስፕራንግ፣ ስፕረንግ እያለ ስለሚሄድ መጨረሻው ላይ «ኢድ» መጨመር ስሕተት ነው። «ሂ ስፕራንግ ቱ ሂዝ ፊት» የሚለውን ተማሪዎቼ «ወደ እግሩ ዘለለ» ብለው ሲተረጉሙት ሁልጊዜ አዝናለሁ፤ አማርኛው «ብድግ አለ» ነው። «ኦፍስፕሪንግ» ማለት ደግሞ ከወላጅ የፈለቀ፣ የአብራክ ክፋይ ማለት ሲሆን፣ አንድም ልጅ ይሁን ዐሥር ብዙ ጊዜ የብዙ ቁጥር ምልክት አይጨመርበትም።

የወቅቱን ክርክር ከእኔ ይበልጥ ለሚያውቁት እተወዋለሁ።


ባለ ጋራዥ፦

መምህርት በጥሩ ሁኔታ አስረድተዋል፤ ስለ ብረቱ ግን ትንሽ ልጨምር። እኛ ጋራዥ ውስጥ ያለን ሰዎች «ስፕሪንግ» አንልም፤ የተጠማዘዘው ሽቦ «ሞላ» ሲሆን፣ በጭነት መኪና ሥር ተደራርቦ የሚታየው ጠፍጣፋ ብረት «ባሌስትራ» ነው። ሁለቱንም የወረስነው ከጣሊያንኛ ነው። ባሌስትራ በጣሊያንኛ በማስፈንጠሪያ የሚተኮስ የድሮ ቀስት ስም ጭምር ነው፤ ብረቱን ከጎኑ ላየው ሰው የደጋን ቅርጽ ስላለው ስሙ በደንብ ይገልጸዋል። እንግሊዞች ግን ያንኑ ዕቃ «ሊፍ ስፕሪንግ»፣ በእኛ አባባል «ባለ ቅጠል ሞላ» ይሉታል፤ ብረቶቹ ስስ ሆነው መደራረባቸውን አይተው መሆን አለበት።

አስጎብኚው የተናገሩት የማስነሻ ገመድ ሥራው እንዲህ ነው። ገመዱ የሚጠቀለልበት ከበሮ ውስጥ እንደ ሪባን የተጠቀለለ ስስ ብረት አለ፤ ገመዱ ሲሳብ ብረቱ ይጠብቃል፣ ገመዱ ሲለቀቅ ደግሞ ብረቱ ሊዘረጋ ሲል ገመዱን መልሶ ይጠቀልለዋል። ይህ ብረት ከተሰበረ ወይም ከመያዣው ከወጣ ገመዱ እንደተሳበ ይቀራል። ስለዚህ እንግዳዋ «ሞላው አልቋል» ማለታቸው ነበር፤ ሜካኒክም ባይሆኑ በሽታውን በትክክል አውቀውታል።

ቃሉ አንድ መሆኑን ለማመን የሚፈልግ ሰው ያንን ክዳን ሳይጠነቀቅ ይክፈት፤ ሞላው ተስፈንጥሮ ይወጣና እጁን ይቆርጠዋል። እኔ በአውራ ጣቴ ላይ ምልክቱ አለብኝ።

ሌላው ሞላ በየቀኑ የምናየው ዓሣ ገበያ ላይ ነው። ቀረሶና አምባዛ የሚመዘንበት ተንጠልጣይ ሚዛን ውስጡ ሞላ ነው። ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1678 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው፣ ሞላ የሚለጠጠው በተሰቀለበት ክብደት ልክ ነው፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን መለጠጡም እጥፍ ይሆናል፤ ሚዛኑም የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ወሰን አለው። ከአቅሙ በላይ የተጫነበት ሞላ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ባዶውን ተንጠልጥሎ ቀስቱ ከዜሮ አልፎ የሚቆም ሚዛን ካያችሁ ያልገዛችሁትን ዓሣ ልትከፍሉበት ነውና ሻጩን አስተካክል በሉት። ባለፈው ፋሲካ እኔ ራሴ ሳላይ ከፍያለሁ።

በነገራችን ላይ ሐይቁ «ሞላ» ሲባል ከዚህ ሞላ ጋር ዝምድና የለውም፤ እሱ የራሳችን ግስ ነው። እንግዲህ የእኛም ቋንቋ የውጭ ሰው የሚያደናግርበት ቃል አያጣም፤ ሞላ የሚባል ደንበኛም አለኝ።


የቀድሞ የአብነት ተማሪ፦

ስለ ወቅቶቹ የተማርሁትን ላካፍል። በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ይከፈላል። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ወይም ሐጋይ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ደግሞ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። በዚህ መሠረት ባልደረባዎ ትክክል ናቸው፤ ፀደይ የሚገባው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኤፕሪል 4 ገደማ ስለሆነ፣ እንግሊዞች ስፕሪንግ ከሚሉት ከማርች እስከ ሜይ ካለው ጊዜ ጋር በአብዛኛው ይገጥማል።

አስጎብኚው መስከረም ያሉት አበባውን አይተው መሆኑ ይገባኛል፤ ብዙ ሰውም እንደ እሳቸው ያስባል። ነገር ግን በአቆጣጠሩ መሠረት አደይ የሚፈነዳባቸው የመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት ገና ክረምት ናቸው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የአበባ ጊዜ «ዘመነ ጽጌ» ይባላል፤ እሱም ቢሆን የሚውለው በመፀው ውስጥ እንጂ በፀደይ አይደለም። ስለዚህ አበባን ተከትሎ ወቅትን መሰየም ለእኛ አያዛልቅም።

የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ደግሞ ዓመቱን በሦስት ብቻ ይከፍሉታል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ነው። ብዙዎቻችን ፀደይንና በልግን እንደ አንድ የምንቆጥራቸው ስለሚደራረቡ ነው።


የደብረ ማርያም ልጅ፦

ከላይ የተሰጠውን አከፋፈል አልቃወምም፤ ነገር ግን አስጎብኚው ተሳስተዋል የሚለውን አልቀበልም። አውስትራሊያ ውስጥ ስፕሪንግ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ነው፤ ቋንቋው ግን ያው እንግሊዝኛ ነው። ቃሉ የሚያያዘው ከወሩ ሳይሆን ከባድ ጊዜ አልፎ ምድር በምትታደስበት ሁኔታ ላይ ከሆነ፣ ለእኛ ከባዱ ጊዜ ብርዱ ሳይሆን ክረምቱ፣ ጭቃውና ጉም ነው። ዘመዶቻችንን በዕንቍጣጣሽ «እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ» የምንለው በሚያዝያ ሙቀት አይደለም። ለመንፈሱ ከሄድን መስከረም ነው፤ ለስሙ ከሄድን ሚያዝያ ነው።


የግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ መምህርት፦

ሁለታችሁም የተናገራችሁት ሚዛን የሚደፋ ነው፤ የእኔ ምክር ግን አስጎብኚው ቃሉን ጭራሹኑ እንዳይተረጉሙት ነው። አንድ እንግዳ «ስፕሪንግ መቼ ነው?» ሲል ማወቅ የሚፈልገው ለመምጣት የሚመቸው መቼ እንደሆነ ነው። በወር ስም ይመልሱለት። በሴፕቴምበር መጨረሻና በኦክቶበር ሜዳው አበባ ነው፣ ሐይቁም ክረምቱን የጠጣውን ውኃ ይዞ ከፍ ያለበት ጊዜ ነው፤ በኤፕሪልና በሜይ ደግሞ ሙቀቱ ይበረታል፣ ሐይቁም ይጎድላል። ቡናም ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ነጭ አበባ ስለሚያወጣ፣ ለዘጌ ጫካ የራሱ የሆነ ስፕሪንግ አለው ቢሉ አያጋንኑም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ስለ ባሕር ሲወራ «ስፕሪንግ ታይድ» የሚል ሐረግ ሊሰሙ ይችላሉ፤ ከወቅቱ ጋር ምንም አያገናኘውም። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን የባሕር ውኃ ከወትሮው ይበልጥ ከፍ የሚልበት ጊዜ ስለሆነ በየወሩ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ስያሜውም ውኃው ዘሎ ከፍ ማለቱን ይናገራል። በተቃራኒው ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ. በቼኮስሎቫኪያ የነበረው የፖለቲካ ለውጥ፣ «የፕራግ ስፕሪንግ»፣ ስሙን ያገኘው ከወቅቱ ነው፤ በቅዝቃዜ ዘመን መካከል የታየ የለውጥ ቡቃያ ማለት ነው። በአማርኛ ጋዜጦች ይህን «ፀደይ» እያሉ ሲተረጉሙት አነባለሁ፤ ይሁን እንጂ ፀደይ ለእኛ የሙቀት ወራት ስም ስለሆነ ሥዕሉ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።


የዘጌ አስጎብኚ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ነገር ግን የግሽ ዓባይ ጥያቄዬ መልስ አላገኘም። ሴትዮዋ አጥብቀው የጠየቁት የአገራቸው ሰው፣ ተጓዡ ጄምስ ብሩስ፣ እዚያ ስለደረሰ ነበር፤ «እሱ የደረሰው ስፕሪንጉ ጋ ነው ወይስ ሶርሱ ጋ?» ነበር ያሉኝ።


የግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ መምህርት፦

ይህ ከሁሉም የተሻለው ጥያቄ ነው፤ መልሱን ማዘግየቴም ስለዚሁ ነው።

«ስፕሪንግ» በዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ውኃ ከመሬት ውስጥ ራሱ ወጥቶ የሚገኝበት ቦታ ማለት ነው። «ሶርስ» ግን የአንድ ነገር መነሻ ማለት ነው፤ የወንዝ መነሻ ምንጭ ሊሆን ይችላል፣ ሐይቅ ሊሆን ይችላል፣ የበረዶ ግግርም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የመረጃ ምንጭ» እና «የገቢ ምንጭ» ሲተረጎም ሁልጊዜ ሶርስ ነው እንጂ ስፕሪንግ አይሆንም። በሰከላ የሚገኘው የግሽ ዓባይ ጠበል ያለ ጥርጥር ስፕሪንግ ነው፤ ከዚያ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባል። ጣና ግን ከእሱ ሌላ ጉማራን፣ ርብንና መገጭን ስለሚቀበል፣ ትልቁ ዓባይም ከሐይቁ የሚወጣው እዚሁ ባሕር ዳር አጠገብ ስለሆነ፣ ብዙ ካርታዎች የዓባይን ሶርስ ጣና ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ግልገል ዓባይን ተከትለው እስከ ግሽ ይሄዳሉ። አባቶቻችን የዓባይ ውኃ ከሐይቁ ጋር ሳይቀላቀል መሐሉን ሰንጥቆ ያልፋል ማለታቸው፣ ምንጩንና ወንዙን አንድ ለማድረግ የተሰጠ መልስ ይመስለኛል፤ ትምህርቱ ከሳይንሱ ባይገጥምም ጥያቄው ግን ያው የስኮትላንዷ ሴት ጥያቄ ነው።

ብሩስ በኖቬምበር 1770 እ.ኤ.አ. የደረሰው እዚያው ግሽ ነው፤ ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 እ.ኤ.አ. ቀድሞት አይቶታል። ለእንግዳዎ «ስፕሪንጉ ጋ ደርሷል፤ ሶርሱ መሆን አለመሆኑ ግን ወንዙን ከየት መቁጠር ይጀምራሉ በሚለው ይወሰናል» ቢሏቸው ትክክለኛ መልስ ነው። የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ለተፈጥሮ ምንጭ «ፋውንቴን» የሚለውን ቃል ይጠቀሙ እንደነበርም ይወቁ፤ ዛሬ ፋውንቴን ቢሉ እንግዳው በአደባባይ ላይ በቧንቧ የሚረጭ ውኃ ነው የሚታየው።


የዘጌ አስጎብኚ፦

ሴትዮዋ አድራሻቸውን ትተውልኝ ነበርና ይህንኑ ዛሬ ማታ እጽፍላቸዋለሁ። የሞተሩ ሞላ ግን እስካሁን አልተገኘም፤ ሞተረኛው ገመዱን በእጁ እየጠቀለለ ነው የሚያስነሣው። ባለ ጋራዡ ወንድማችን አላቸው ይሆን?


ባለ ጋራዥ፦

አለኝ፤ የሞተሩን ፈረስ ጉልበት ጻፍልኝና አወጣለሁ። ክዳኑን ግን ራሳችሁ እንዳትከፍቱት፣ ሞተሩን ይዛችሁት ኑ።